መርዶው እስኪደርስ

እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ልማዴ አይደለም። ሙት ተናገረ የሚለኝን ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ገሥጬ ነው ያሰናበትኩት።

ይህን ግን ልገሥጸው አልቻልኩም። ሆኗልና።

የሆነው ባለፈው ሐምሌ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ነበረች። ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ቦታው በስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ አስፋልቱ አልቆ አሸዋው የሚጀምርበት የባሕር ዳር ነው።

ከዚህ ከሆላንድ ሁለት ሰዎች ሄዱ።

የተመለሰው አንዱ ነው።

የተመለሰው እስጢፋኖስ ይባላል። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። ከባለቤቱ ከሰናይት ጋር ዞተርሜር ይኖር ነበር፤ አንዲት ልጃቸው ኤዶም አምስተርዳም ትማራለች። አብረውት የሄዱት ጋሽ ፈቃደ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በሮተርዳም ወደብ መጋዘን ሠርተው በሰኔ ጡረታ የወጡ፣ ልባቸው ሁለት ጊዜ በሐኪም የተጠገነ ሰው። ልጅ የላቸውም። ከሮተርዳም አጠገብ ካፔለ ከተማ ባለው ቤታቸው ውስጥ ያሏቸው ባለቤታቸው እትዬ ማናለብሽ ብቻ ነበሩ። አራቱም የአንዲት ትንሽ ጉባኤ ምእመናን ናቸው። የእኛ ጉባኤ።

ጋሽ ፈቃደ የተወለዱት ተራራ ሥር ነው። ሆላንድ ደግሞ እንደ ትሪ የተዘረጋ አገር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይናቸው የሚደገፍበት ነገር እንዳጣ ሲናገሩ እንሰማቸው ነበር። ስለዚህ ጡረታ በወጡ ጊዜ እስጢፋኖስ በመኪናው ወስዶ የስኮትላንድን ተራሮችና መንገዱ የሚያልቅበትን የሰሜኑን ባሕር ዳር ሊያሳያቸው ቃል ገባ። ሴቶቹም ተጋብዘው ነበር። እትዬ ማናለብሽ መርከብ እፈራለሁ አሉ፤ ሰናይትም እሳቸውን ብቻቸውን ትቼ አልሄድም አለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋያቸውን አይተው ሲጠግቡ ይመለሱ ብለው ሳቁባቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአምስተርዳም አጠገብ ካለው ወደብ መኪናቸውን መርከብ ላይ አሳፈሩ። ሰኞ ጠዋት እንግሊዝ አገር ወረዱና ወደ ሰሜን ነዱ።

በዚያ አገር የሚነዳው በመንገዱ ግራ ነው። የሆላንድ መኪና መሪ ደግሞ በግራ በመሆኑ፣ ነጂው ሌላ መኪና ቀድሞ ለማለፍ ሲፈልግ ከፊት የሚመጣውን በደንብ አያይም። ጎኑ የተቀመጠው ሰው አይቶ "እለፍ" ሊለው ይገባል። ጋሽ ፈቃደ ይህን ሥራ እንደ ሹመት ያዙት። በግ ባዩ ቁጥር ግን ሹመታቸውን ይረሱታል።

"ጋሼ፣ በጉን ይተዉትና መንገዱን ይዩልኝ" አላቸው እስጢፋኖስ።

"በጉ መንገዱ ላይ ነው ያለው" አሉት።

ሰኞ እንዲህ በሳቅ አለፈ።

ማክሰኞ...

ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሁለት ተራሮች መካከል ካለች ነዳጅ ማደያ ቆሙ። ጋሽ ፈቃደ ሻይ ሊገዙ ወደ ውስጥ ገቡ። እስጢፋኖስ ነዳጅ ቀድቶ መክደኛውን ሲያጠብቅ ስልኩ ጮኸ። የጉባኤው ሽማግሌ አቶ አስራት ነበሩ።

"ብቻህን ነህ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

"እስጢፋኖስ... ማናለብሽ አርፋለች። ዛሬ ጠዋት። የመኪና አደጋ ነው።"

እስጢፋኖስ በመኪናው ላይ ተደገፈ። ከመስታወቱ በስተጀርባ ጋሽ ፈቃደ ወረፋ ይዘው ይታያሉ። ከአንድ የአገሬው ሰው ጋር ስለ አየሩ እያወሩ ይስቃሉ።

"ብቻቸውን ነበሩ?" ሲል ጠየቀ።

ከወዲያ በኩል ዝምታ ሆነ።



"አንተ እሱን ጠብቅ" አሉ አቶ አስራት በመጨረሻ። "የልቡን ነገር ታውቃለህ። እዚያ ምድረ በዳ ላይ እንዳትነግረው። መርከቡ እስከ ዓርብ ለመኪና ቦታ የለውም። መንገዳችሁን ቀጥሉ። ምንም እንዳልሰማህ ሁን። ቤቱ ስታደርሰው ተሰብስበን እንነግረዋለን።"

እዚህ አገር ተወልዳችሁ ላደጋችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውዬውን አስቀምጦ፣ ግራና ቀኙን ደግፎ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ የሰማ ሁሉ እንባውን ይውጣል፤ በሟች ቤት እንኳ የለቅሶ ድምፅ አይወጣም።

ይህን ሥርዓት ያወጡ አባቶች ክፉዎች አልነበሩም። እኔም ደግፌዋለሁ። አቶ አስራት ያን ማክሰኞ ስልኩን ሲያነሡ በዙሪያቸው ከተቀመጥነው አምስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ውሸት አልተናገርንም። ዝም ነው ያልነው።

እስጢፋኖስ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ፊቱን በማደያው ውኃ ታጠበ። ቀና ሲል ጋሽ ፈቃደ አሁንም ከመስታወቱ በስተጀርባ ናቸው። ነገር ግን አይስቁም። ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ስልክ ጆሯቸው ላይ ነው።

ብዙ ቆዩ።

በመጨረሻ ሁለት የሻይ ኩባያ ይዘው ወጡ። ሻዩ በየእርምጃቸው እጃቸው ላይ ይፈስሳል። ትኩስ ነው፤ ይተናል። እሳቸው ግን የተሰማቸው አይመስሉም።

"ጋሼ፣ እጅዎ ተቃጠለ እኮ።"

የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ያህል አዩት። ከዚያም ዓይናቸውን ወደ እስጢፋኖስ አነሡ። ዓይናቸው ውኃ ሞልቷል። ማን እንደደወለ ሲጠይቃቸው የመጋዘኑ ልጆች ናፍቄያቸው ነው አሉ።

"ቁልፉን አምጣ" አሉት። "ከእንግዲህ እኔ ልንዳ። አንተ ዕረፍ።"

በሁለቱ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜም እነዳለሁ ብለው አያውቁም። እስጢፋኖስ እንዲህ ያለ ሐዘን ራሳቸው ላይ ተጭኖ ሳያውቁት የሚጓዙ የልብ ሕመምተኛ መሪ እንዲይዙ ሊፈቅድ አልቻለም። ቁልፉን አልሰጥም አለ። አምጣ አሉ። ማደያው ፊት ለፊት ሁለት ጎልማሳ ሰዎች እንደ ልጆች ቁልፍ ተናጠቁ። በመጨረሻ እስጢፋኖስ አሸነፈና ነዳ።

ጋሽ ፈቃደ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንገዱን እንጂ በግ አላዩም። አንድ እጃቸውን እስጢፋኖስ ትከሻ ላይ አደረጉ። ብዙ መንገድ ሳያነሡት ሄዱ።

ልብ ሳይነገረው ያውቃል፣ አለ እስጢፋኖስ በሆዱ። የሚስታቸው ሞት ሳይነገራቸው ተሰምቷቸዋል።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጠባብ ሸለቆ ገቡ። ከግራና ከቀኝ ተራሮቹ አረንጓዴ ለብሰው እስከ ደመናው ይወጣሉ። ቀጫጭን ፏፏቴዎች ከላይ እንደ ነጭ ክር ይወርዳሉ። ጋሽ ፈቃደ ይህን ለማየት ነበር ባሕር የተሻገሩት። አሁን ግን ጉልበታቸውን ያያሉ።

በመሪው አጠገብ ያለው ስክሪን በራ።

የጋሽ ፈቃደ ስልክ ከመኪናው ጋር የተገናኘ ነው። የሚደውለው ሰው ስም እዚያ ላይ ይወጣል።

ማናለብሽ።

እትዬ ማናለብሽ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር የሚደውሉት፤ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የማታ ፈረቃቸው ከመጀመሩ በፊት። እስጢፋኖስ እጁን ሰደደ፣ ሊያጠፋው። ጋሽ ፈቃደ ቀደሙት።

የእትዬ ማናለብሽ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

"ደረሳችሁ?"

"መንገድ ላይ ነን። ምነው፣ ድምፅሽ ራቀብኝ?"

"እዚህ ዝናብ ነው።"

ከድምፃቸው በስተኋላ አንድ ነገር ይሰማል። ወዲህ... ወዲያ... ወዲህ... ወዲያ... የመኪና መስታወት የሚጠርግ የዝናብ መጥረጊያ።

"እስጢፋኖስ አለ?"

"አጠገቤ ነው።"

"ለምን ዝም አለ?"

የመኪናው ግራ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ ድንጋይ መታ። እስጢፋኖስ ፍሬን ያዘ።  እንደምንም ብሎ "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ" አለ።

"ደህና ነን" አሉት። "አይዞህ።"

መስመሩ ተቋረጠ።

እስጢፋኖስ ሽንቴን ልሽና ብሎ ወረደ። ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ በስተጀርባ ሆኖ ለአቶ አስራት ደወለ። አሁን እንደደወሉ፣ በገዛ ጆሮው እንደሰማቸው በሹክሹክታ ነገራቸው።

"ስልኳ እዚህ ነው" አሉት አቶ አስራት። "ፊቴ። ፖሊስ ከዕቃዋ ጋር አስረክቦናል። ተሰባብሯል፣ እስጢፋኖስ።"

እውነታቸውን ነው። ስልኩን እኔም አይቼዋለሁ። በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ነበር።

ድንጋጤ ሰውን የሌለ ያሰማዋል ብለን መከርነው። ጸልይ አልነው። እሱም እሺ አለ። ቀጥሎ ለሰናይት ደወለ። አላነሳችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቀየማት ነበር። አሁን ግን ሐዘን ቤት ሆና ነው ብሎ ተወው።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ባደሩበት የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሰናይት ራሷ ደወለች።

እስጢፋኖስ ያን ጊዜ የተሰማው ዕረፍት ዛሬም ድረስ ያሳፍረዋል። ከዚያ ሁሉ ፍርሃት በኋላ የሚስቱን ድምፅ መስማት ቤት እንደ መግባት ነበር ይላል።

"እስጢፍ።"

"የት ጠፋሽ? ስደውል ዋልኩ።"

"ከእሷ ጋር ነኝ።"

ሬሳው ካለበት ወይም ካፔለ ከሐዘንተኞቹ ጋር ማለቷ መሰለው። ሰዉ እንዴት እንደሆነ፣ ለቅሶው እንደበረታ ጠየቃት።

"ማንም አላለቀሰም" አለች። "ተከልክለዋል።"

ይህም እውነት ነው። ጋሽ ፈቃደ ስላልተረዱ ማንም ድምፅ አላወጣም ነበር። ነገር ግን ከቃሏ በስተኋላ... ወዲህ... ወዲያ... ወዲህ... ወዲያ...

"መኪና ውስጥ ነሽ እንዴ?"

"እየመጣን ነው" አለች። "ለጋሽ ፈቃደ እንዳትነግራቸው። እኛው መጥተን እንነግራቸዋለን። ነገ አሥር ሰዓት ላይ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ጠብቁን።"

እስጢፋኖስ ተንፈስ አለ። ጉባኤው አስቦበታል፣ ሰዎች ልኳል፤ መርዶው በወጉ ሊነገር ነው። ይህን ሸክም ብቻውን እስከ ሮተርዳም አይጎትትም።

ስልኩን አስቀምጦ ዞር ሲል ጋሽ ፈቃደ በሩ ላይ ቆመዋል። ፎጣ ትከሻቸው ላይ አለ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ከማን ጋር ነበርክ?"

"ከሰናይት።"

ፎጣው ወደቀ።

"ምን... አለችህ?" በሹክሹክታ ነበር።

"ደህና ናት።"

"ድምፅዋን ሰማኸው? በጆሮህ?"

ይህ ሁሉ ጥያቄ ስለ እትዬ ማናለብሽ ከመጠርጠር የመጣ መሰለው። ሐሳባቸውን ሊያስቀይስ በመሻት ቀለደባቸው። "ጋሼ፣ ሚስቱ የምትደውልለት ባል እርስዎ ብቻ መሰልዎት?"

አልሳቁም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

የዚያን ቀን ሁለቱም ምግብ አልወረደላቸውም። ሁለቱም ግን አንዱ ሌላውን ብላ ይላል። ጋሽ ፈቃደ ከዳቦው እየቆረሱ በእጃቸው ያጎርሱታል። እስጢፋኖስ እንዳይቀየሙበት ይቀበላል፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ይተፋዋል። የባሕሩ ዳርቻ በአንድ በኩል ሰማያዊ፣ ተራራው በሌላ በኩል ሐምራዊ ሆኖ ያልፋል። ማንም "አየህ?" አላለም።

አሥር ሰዓት ሲሆን የእትዬ ማናለብሽ ስም እንደገና በስክሪኑ ላይ በራ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ፈቃደ መኪናው ይቁም አሉ። ስልኩን ይዘው ርቀው ሄዱ። ነፋሱ ነጠላ ጃኬታቸውን እያራገበው፣ እንደሚታዘዝ ሰው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡ ታዩ።

ሲመለሱ ፊታቸው ረጋ ብሏል።

"ማናለብሽ እየመጣን ነው ትላለች" አሉ። "ነገ አሥር ሰዓት። መንገዱ የሚያልቅበት እንድንጠብቃቸው።"

እስጢፋኖስ መሪውን ጨበጠ።

የሞቱት ሴት ያሉትና ሕያዋ ሚስቱ ያለችው... ቃል በቃል አንድ ነው።

"ማንና ማን?" አለ።

ጋሽ ፈቃደ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። 

በዚያ ምሽት ለሰናይት ሰባት ጊዜ ደወለ። ስልኳ ይጠራል፤ አይነሳም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ደቡብ መዞር ነበረባቸው። የዓርቡን መርከብ ለመያዝ ረጅም መንገድ ይቀራቸዋል። እስጢፋኖስ ይህን ተናገረ። ጋሽ ፈቃደ ግን፣ እኚያ ትሑት ሰው፣ የመኪናውን በር ይዘው ወይ እስከ መንገዱ መጨረሻ ትወስደኛለህ፣ ወይ በእግሬ እሄዳለሁ አሉ። እስጢፋኖስም በልቡ አንድ ተስፋ ነበረው። የጠራቸው ሌላ ማንም ይሁን፣ ሰናይትም ጠብቁን ብላለች። ሰናይት ካለች እሱም ይችለዋል።

ስለዚህ ወደ ሰሜን ነዱ።

መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ለአንድ መኪና ብቻ የሚበቃ ሆነ። በየመቶ ሜትሩ ጎኑ ላይ ትንሽ ሆድ መሰል ማሳለፊያ አለው። ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ ቀድሞ የደረሰው እዚያ ገብቶ ይቆማል። በዚያን ቀን ግን የሚያሳልፉትም ሆነ የሚያሳልፋቸው መኪና አልገጠማቸውም። በመጨረሻ አስፋልቱ ከአንድ ነጭ አሸዋ ጋር ተጋጥሞ አለቀ። በስተቀኝ ጥቁር ገደል፣ በስተግራ ኮረብታ፣ ከፊት ባሕር። ቤት የለም። ሰው የለም። ያ ሁሉ ወፍ በሚኖርበት ዳርቻ አንድ ወፍ እንኳ አልጮኸም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ጋሽ ፈቃደ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደመጡበት መንገድ አዞሩ። እስጢፋኖስ ስልኩ ኔትወርክ ስላጣ ኮረብታውን ወጣ። አናቱ ላይ ሲደርስ አንዲት መስመር አገኘና ለአቶ አስራት ደወለ። የተላኩት ሰዎች የት እንደደረሱ ሊጠይቅ ነበር።

"የምን ሰዎች?" አሉት።

"መርዶውን ሊነግሩ የተላኩት።"

"ማንንም አልላክንም። ማን ነው እንመጣለን ያለህ?"

"ሰናይት" አለ። "ትናንት ጠዋት ደውላ።"

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበርና አምስታችንም ሰማነው። ድምፁ በክፍሉ ውስጥ እንደ ደወል ጠራ። እርስ በርሳችን ተያየን።  አቶ አስራት ስልኩን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት፣ የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከደን።

ያን ጊዜ መናገር እንችል ነበር። የአንድ ዐረፍተ ነገር ሥራ ነበር። አልተናገርንም።

ኮረብታው ላይ እስጢፋኖስ "ሃሎ... ሃሎ..." አለ። ከዚያ ምንም አልሰማም። ሰዓቱን አየ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ።

ሮጦ ወረደ።

"ጋሼ፣ እንሂድ።"

"ጥቂት ቆይ። ይመጣሉ።"

"አይመጡም። የላከው ሰው የለም። ተነሡ።"

ክንዳቸውን ይዞ ጎተተ። እንደተተከለ ግንድ አልነቃነቅ አሉት። ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ያባብላል፤ እሳቸው ከመንገዱ ዓይናቸውን አይነቅሉም። እስጢፋኖስ ያን ጊዜ የነበረበትን ጭንቅ እንዲህ ሲል ነው የነገረኝ። ብነግራቸው ልባቸው ይቆማል። ባልነግራቸው አሥር ሰዓት ይሞላል።

አሥር ደቂቃ ቀረ።

አሸዋው ላይ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ። ሽማግሌዎች ሲያረዱ እንደሚያደርጉት ሁለት እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። ግራና ቀኝ የሚደግፍ ሰው አልነበረም።

"ጋሽ ፈቃደ... እትዬ ማናለብሽ አርፈዋል። ማክሰኞ ጠዋት። የመኪና አደጋ ነው። አቶ አስራት ነግረውኝ ደብቄዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።"

አልጮኹም። አልወደቁም። ቀስ ብለው ብቻ መንገዱን ትተው እሱን አዩት።

"ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነገረህ?"

"አምስት ሰዓት ላይ። ነዳጅ ማደያው ጋ። እርስዎ ሻይ ሊገዙ ሲገቡ።"

"ከአንተ ቀጥሎ ለእኔ ነው የደወለው" አሉ።

እስጢፋኖስ አልገባውም። ወይም እንዳይገባው ፈለገ።

"ስለ ምን?"

"እስጢፋኖስን ጠብቀው አለኝ። መንገድ ላይ ስለሆነ እንዳትነግረው አለኝ። ለዚህ ነው ቁልፉን የለመንኩህ።" የእስጢፋኖስን እጆች አጥብቀው ጨበጡ። አሁን ያዡ እሳቸው ነበሩ። "የመኪና አደጋ ነው አለኝ፣ ልጄ። ሰናይት ግን መኪና አትነዳም።"

ነፋሱ ቆሟል።

"በአንድ መኪና ነበሩ" አሉ ጋሽ ፈቃደ። "የእኔዋ እየነዳች፣ ያንተዋ አጠገቧ ተቀምጣ። ለእያንዳንዳችን የሌላውን ሚስት ሞት ነገሩን። እንድንጠባበቅ ብለው።"

አዎን። እንድትጠባበቁ ብለን ነው። በጎ አሳብ መስሎን ነበር። አሥር ጊዜ ተነጋግረንበታል።

እስጢፋኖስ አላለቀሰም። ረቡዕ ጠዋት ያናገረችው ማን እንደሆነች ለመጠየቅ አፉን ሲከፍት የሞተር ድምፅ ሰማ።

በኮረብታው ጥምዝ አንዲት ትንሽ መኪና ብቅ አለች። ቀስ ብላ ነው የምትመጣው። በዚያ አገር መኪና ከፊቱ የሚለጥፈው ነጭ ሰሌዳ ነው። የዚህችኛዋ ግን ቢጫ ነበር። የሆላንድ ሰሌዳ። ከእነርሱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቃ በመጨረሻው ማሳለፊያ ገብታ ቆመች። ሞተሯ ጠፋ።

ፀሐይዋ በመስታወቱ ላይ ስላረፈች ውስጡ አይታይም።

ጋሽ ፈቃደ ከድንጋዩ ተነሡ። ሦስት ቀን የጎበጠ ጀርባቸው ቀና አለ።

"ጋሼ፣ አይሂዱ። እለምንዎታለሁ።"

"ኤዶም ሰምታለች?" ሲሉ ጠየቁት።

"አላውቅም... አይመስለኝም። እኔ እስክመለስ ሳይደብቋት አይቀሩም።"

"እንግዲያው አንተ ተመለስ። ሰው አትሰብስብ። ዛሬውኑ ንገራት። እናቷ በእሷም ስልክ ሳትደውል።"

እስጢፋኖስ ጃኬታቸውን ያዘ። እጃቸውን ከእጅጌው አወጡና ጃኬቱን ለእሱ ትተው ሄዱ። ተከትሎ ሊሮጥ ፈለገ። እግሩ ግን አሸዋው ውስጥ ነበር፤ ይህን ሲነግረኝ ብዙ ጊዜ ደገመው፣ አሸዋው ውስጥ ነበር እያለ። በነጭ ሸሚዝ ብቻ ሆነው፣ ሳይቸኩሉ፣ ሳያመነቱ ሃምሳውን እርምጃ ተራመዱ።

የኋላው በር ከውስጥ ተከፈተላቸው።

ጎንበስ አሉ። ሰው እንደሚሳለም ጉንጫቸውን በቀኝ፣ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ አደረጉ። ከዚያ ገቡ።

በሩ ተዘጋ።

ሰዓቱ አሥር ሆነ።

መኪናዋ ትሄዳለች ብሎ ጠበቀ። አልሄደችም። ኔትወርክ በሌለበት በዚያ ዳርቻ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ መንዘር ጀመረ። አላወጣውም። ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ስልኩ ሲያቆም በወዲህኛው ጎን ያለው በር ተከፈተ። ቀስ ብሎ። እስከ መጨረሻው።

ከውስጡ አንድ እጅ ወጣ። እንደ አገራችን አጠራር መዳፉን ወደ ታች አድርጎ፣ ጣቶቹ ታጠፉ... ተዘረጉ... ታጠፉ።

የሰናይት እጅ ነበር።

ከበላዩ ሁለተኛ እጅ ወጣና ይጠራው ጀመር። የእትዬ ማናለብሽ ነው።

ከዚያም ሦስተኛ። የወንድ እጅ፣ በነጭ ሸሚዝ እጅጌ።

ተመለስ ያሉት የጋሽ ፈቃደ እጅ... ከሁሉም ይልቅ አጥብቆ የሚጠራው እሱ ነበር።